ናርካኑ ካነቃው በኋላስ? ሰሞኑን ለዞረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የሲያትል ሐበሾች በምንገናኝባቸው የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ጽሑፍ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ከላኪዎቹ አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። ከሥሩ «ይኼ ሰውዬ የልቤን ተናገረ» ብላበታለች። በስልክ ልመልስላት ብል እንጣላለን። በጽሑፍ ይሻላል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሲያትል እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ከጁላይ 2023 ጀምሮ «ሄልዝ 99» የሚባል ቡድን አሰማርቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንድ ሰው ፈንታኒል የተባለው ብርቱ ዕፅ በዝቶበት (ኦቨርዶዝ የሚሉት ነው) መንገድ ላይ ሲወድቅ አምቡላንስ ይደርሳል፤ ናርካን የተባለው ማንቂያ መድኃኒት አፍንጫው ውስጥ ይነፋለታል፤ ይነቃል። ድሮ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አሁን እሳት አደጋ ሠራተኞችና ኬዝ ማናጀር (ጉዳዩን የሚከታተል ሰው) ያሉበት ቡድን መጥቶ የነቃውን ሰው ያነጋግራል። መጠለያና ሕክምና ያፈላልግለታል። ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ በከተማው አምቡላንስ የሚሠሩት ፓራሜዲኮች ቡፕረኖርፊን የተባለውን የሱስ መድኃኒት እዚያው ሰውየው በወደቀበት ቦታ መስጠት ጀምረዋል። ተመሳሳይ ሥራ በሌሎች ስቴቶችም አለ። የፌዴራል መንግሥቱም በ2016 በወጣው የሱስ ሕግ መሠረት ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሠራተኞች ድጎማ ይሰጥበታል።

ጸሐፊው የሚቃወሙት ይህንን ነው። ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ሱሰኛው በገዛ እጁ ነው የተጎዳው፤ ሂሳቡን ለምን እኛ እንክፈል? እሳት አደጋ ሥራው እሳት ማጥፋት ነው፤ ሌላው የሐኪም ሥራ ነው። ናርካን በየቦታው ሲገኝ ሰው ይደፍራል፤ ዛሬ የነቃው ነገ ይወድቃል። ቡፕረኖርፊንና ሌላው የሱስ መድኃኒት ሜታዶን ሱስን በሱስ መተካት ናቸው። ደግሞም ሰዎቹ እርዳታውን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ገንዘቡን ውኃ በላው፤ የተቦረቦረ መንገድ ቢጠገንበት ይሻላል። ሠራተኞቹም ተሰላችተዋል። መሐል ላይ ጣል ያደረጓት አንዲት ዓረፍተ ነገርም አለች፤ «ይህ የሐበሻ ችግር አይደለም» የምትል። እሷን ለመጨረሻ አቆያታለሁ።

ከገንዘቡ ልጀምር። «የግብር ከፋዩ ገንዘብ» የሚለው ቃል በጽሑፉ ውስጥ ሰባት ጊዜ ይመጣል፤ ቆጥሬዋለሁ። ግን ለሱስ ሥራ ከሚመደበው ገንዘብ ከፊሉ ከግብር የመጣ አይደለም። ዋሽንግተን ስቴት በ2022 በዚሁ ችግር ከከሰሳቸው ሦስት ትልልቅ የመድኃኒት አከፋፋዮች ጋር በ518 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝና አሜሪሶርስበርገን ናቸው። በ2024 መጀመሪያ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 149 ሚሊዮን ተኩል ጨመረ። የአከፋፋዮቹ ክፍያ በየዓመቱ እየተከፋፈለ የሚመጣ ነው። አብዛኛውም ለዚሁ ችግር እንዲውል ተብሎ የተከፈለ ነው። ጸሐፊው እንደሚመኙት የተቦረቦረ መንገድ አይጠገንበትም። ቀሪው ወጪ ግን እውነትም ከኪሳችን ነው፤ አልክድም።

«በገዛ እጁ ነው» የሚለውን ደግሞ እንዲሁ አላልፈውም፤ እህቴም የወደደችው እሱን ይመስለኛል። ይህ መከራ የተጀመረው በመንገድ ዕፅ አይደለም። ኦክሲኮንቲን የተባለው ማስታገሻ በ1996 ገበያ ላይ ሲወጣ ሐኪሞች ለወገብ ሕመም ሳይቀር ያዙት ጀመር። አምራቹ የፐርዱ ኩባንያ መድኃኒቱን እያሳሳተ መሸጡን በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል፤ በ2020 ደግሞ እንደገና ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። እርግጥ ዛሬ መሐል ከተማ ፓዮኒር ስኩዌር ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሞ የምናየው ልጅ ከሐኪም ላይጀምር ይችላል። ይሁን፣ በገዛ እጁ ነው እንበል። ስኳር እያለበት ለስላሳ የሚጠጣ አጎት የሌለው ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። የኔ አጎት ሁለት ጊዜ በአምቡላንስ ተወስዷል። ሁለቱም ጊዜ «ምን በልተህ ነው?» ብሎ በሩ ላይ የመለሰው የለም። ሲወጣም የስኳር ነርስ በየሳምንቱ ትደውልለት ነበር። ለእሱ ሲሆን ክትትል፣ ለሌላው ሲሆን ብክነት የሚባልበት ምክንያት አልገባኝም።

እሳት አደጋ እሳት ብቻ ያጥፋ የሚለው ነጥብ በሌላ ከተማ ቢነሣ አይገርመኝም ነበር። ሲያትል እኮ ስሟ የተነሣው በዚህ ነው! በ1970 ሌናርድ ኮብ የሚባሉ የሃርበርቪው ሆስፒታል የልብ ሐኪምና የእሳት አደጋው አዛዥ ጎርደን ቪከሪ ተመካክረው «ሜዲክ ዋን»ን ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልቡ የቆመ ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ይሞታል፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ ወደ ሰውየው ይሂድ። እሳት አጥፊዎችን እንደ ሐኪም አሠለጠኗቸው። ብዙም ሳይቆይ ተራውን ሕዝብ ደረት እየተጫነ ልብ ማስነሣት እንዲችል ማስተማር ጀመሩ። ዛሬ ልቡ በድንገት የቆመ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ካለባቸው ቦታዎች አንዷ ኪንግ ካውንቲ ናት። ወጪውም ከ1979 ጀምሮ ሕዝቡ በየጊዜው ድምፅ እየሰጠ በሚያጸድቀው የንብረት ግብር ይሸፈናል። ጸሐፊውም የቤት ባለቤት ከሆኑ እየከፈሉ ነው። አንድም ቀን ግን «ልብ የእሳት አደጋ ሥራ አይደለም» ብለው ሲጽፉ አላየሁም።

ሠራተኞቹ ተሰላችተዋል የሚሉት ግን እውነት ነው። አንዱን ሰው በአንድ ሳምንት ሁለቴ ከሞት አፋፍ መልሶ፣ ሦስተኛውን መጠበቅ ልብ ይሰብራል። ነገር ግን የሚያሰለቸው ምኑ ነው? አንሥቶ መተው ነው። ሄልዝ 99 የተቋቋመው እንግዲህ ለዚያ ነው።

ናርካን ያደፋፍራል ወደሚለው ልለፍ። ይህ ሐሳብ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2018 ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የናርካን ሕጎች ሞትን አልቀነሱም፣ እንዲያውም በአንዳንድ አካባቢ አባብሰዋል የሚል ጥናት አውጥተው ብዙ አነጋግረዋል። ጸሐፊው የጠቀሱት እሱን ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን በ2013 ከማሳቹሴትስ 19 ማኅበረሰቦች የመጣ ጥናት ነበር። ሰዎች ናርካን አጠቃቀም በብዛት በሠለጠኑባቸው ቦታዎች የኦቨርዶዝ ሞት ሥልጠናው ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በትንሹ በሠለጠኑባቸው እንኳ በሩብ ያህል ቀንሷል። የቱን ትመርጣለህ ብትሉኝ፣ እኔ በናርካን የነቃ ሰው በዓይኔ አይቻለሁና መልሴ ቅርብ ነው። ናርካን የሚያነቃው በሰላም አይደለም። ፈንታኒሉን ከአንጎል ላይ ገፍትሮ ያስወጣና ሰውየውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሀራራ ላይ ይጥለዋል። ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያልበዋል። ይህንን «ናርካን አለልኝ» ብሎ የሚመኘው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ዛሬ የነቃው ነገ ይወድቃል» የሚለው ግን ትክክል ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ከጻፉት ሁሉ ዋናው እሱ ነው፤ ከእሱ ያወጡት መደምደሚያ ነው የተገለበጠው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በኦቨርዶዝ ድንገተኛ ክፍል ገብተው የዳኑ 11,557 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ 635ቱ ሞተዋል። ከእነዚያ 130ው የሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። 29ኙ ደግሞ ከሆስፒታል በወጡ በሁለት ቀን ውስጥ። እንግዲህ አስቡት። ከሞት የተረፈው ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ የት እንዳለ እናውቃለን፤ አደጋው መቼ እንደሚከፋ እናውቃለን። የአምቡላንሱን ወጪ ከፍለናል፤ የናርካኑን ከፍለናል። ከዚህ በኋላ ጥሎ መሄድ ነው ብክነት የሚባለው።

አሁን ወደ «ሱስን በሱስ» እንምጣ። ይህን አባባል ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስከ ቡና ቤት ሰምቼዋለሁ። ክፋት የለበትም፤ ሰው ከልቡ ያስባልና። ቡፕረኖርፊን ራሱ እንደ ፈንታኒል ከኦፒዮይድ ወገን ነው፤ ይህን አልደብቅም። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። ፈንታኒል ሽቅብ ያወጣና ይጥላል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሀራራው ይመለሳል፤ ሰውየውም የሚቀጥለውን ለማግኘት ሲሮጥ ይውላል። ቡፕረኖርፊን ያንኑ የአንጎል ቦታ በከፊል ብቻ ይይዛል። ሀራራውን ያበርዳል፣ ቀን ሙሉ ይቆያል፣ ትንፋሽ የማቆም አደጋውም በጣም ያነሰ ነው። በወር አንዴ የሚወጋ ዓይነትም አለው። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሥራ ይሄዳል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሱስ ማለት ኑሮን የሚበላ ነገር ከሆነ ይህ ሱስ አይደለም።

ቁጥርም አለ። እዚያው ማሳቹሴትስ ከ2012 እስከ 2014 ከኦቨርዶዝ የተረፉ 17,568 ሰዎች ታይተው ነበር። ሜታዶን የወሰዱት መድኃኒት ካልወሰዱት የመሞት ዕድላቸው በ59 በመቶ ያነሰ ሆነ፤ ቡፕረኖርፊን የወሰዱት በ38 በመቶ። አሳዛኙ ሌላ ነው። በዓመቱ ውስጥ ለሱሱ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱን ያገኙት ከአሥር ሰው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሰባቱ እንዲሁ ያለ መድኃኒት ቀርተዋል።

የቀረው «አይቀበሉም» የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር የራሴን ላጫውታችሁ።

ሄልዝ 99 ከመጀመሩ በፊት ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ እሠራ ነበር። ከምድር በታች ሁለተኛው ፎቅ፣ ደረጃው ሥር አንድ ሰው ወድቆ አገኘን። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ናርካን ከቦርሳው አውጥቶ ነፋለት፤ እኔ 911 ደወልኩ። ሰውየው ከሁለተኛው መጠን በኋላ ነቃ፤ ነቅቶም ሰደበን። አምቡላንሶቹ መጡ፣ ሆስፒታል እንሂድ አሉት፣ እምቢ አለ። ስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት ሰጡት። አንድ እግሩ ላይ ብቻ ጫማ ነበረ፤ ሌላውን ፈልጎ አጠለቀና እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ጠዋት ስጠርግ ወረቀቱን ደረጃው ላይ አገኘሁት።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢሰሙ «ይኸው፣ አልተቀበለም» ይላሉ። እኔ ደግሞ ምን ተሰጠውና ነው እላለሁ። ሀራራ ላይ ላለ ሰው፣ በእኩለ ሌሊት፣ ስልክ ለሌለው ሰው፣ ጠዋት የሚከፈት ቢሮ ቁጥር! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው አንድ ነገር ያስተማሩኝ አለ፤ ተቀብዬዋለሁም። ማገናኘት የሚባለው ወረቀት መስጠት ከሆነ፣ እውነትም ገንዘብ አይገባውም። ይህ በጥናትም ታይቷል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2015 ያወጡት ጥናት 329 የኦፒዮይድ ሱስ ያለባቸውን የድንገተኛ ክፍል ታካሚዎች በሦስት ከፍሎ ነበር። አድራሻ ብቻ ከተሰጣቸው ከወር በኋላ ሕክምና ላይ የተገኙት 37 በመቶ ናቸው። ምክር ተጨምሮላቸው፣ ቀጠሮም ተይዞላቸው የሄዱት 45 በመቶ። ቡፕረኖርፊኑን እዚያው የጀመሩት ግን 78 በመቶ። ሰዎቹ ያው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሱሱም ያው ነው። የተለየው በእጃቸው የገባው ነገር ነው።

ይህንኑ ከሆስፒታል አውጥቶ ወደ መንገድ ያመጣው ኒው ጀርሲ ነው። በ2019 ፓራሜዲኮቹ ቡፕረኖርፊን እንዲይዙ በመፍቀድ ከስቴቶች የመጀመሪያው ሆነ። ካምደን ከተማ ላይ በተደረገ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከአምቡላንስ ሠራተኛ የተቀበሉ ሰዎች በወር ውስጥ ሕክምና የመጀመር ዕድላቸው ካልተቀበሉት ወደ ስድስት እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ። ሂዩስተን ውስጥ ደግሞ ከኦቨርዶዝ የተነሡ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያንኳኳ ፕሮግራም አለ። በራቸው ከተንኳኳ ሰዎች ከሦስት አንዱ ያህል ሕክምና ገቡ። ሁለቱ እጅ እምቢ ብለዋል፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሡ መብታቸው ነው። ነገር ግን ሳይጠራ ሄዶ በር ያንኳኳ ማንኛውም ሰው፣ ከሦስት አንዱ «ግባ» ካለው ዕድለኛ ነው። ዕቁብ ስሰበስብ እንኳ ይህን ያህል አይሳካልኝም።

ቅር የሚለኝን ደግሞ እኔው ልናገር፤ ጸሐፊው አልነኩትም። በአንዳንድ ቦታ ይህን ሥራ የሚሠራው ፖሊስ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከፕሮግራሞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሰውየው የእስር ማዘዣ እንዳለበት ያጣሩ ነበር። እርዳታ ነው ብሎ የከፈተው በር እስር ቤት ካደረሰው፣ ነገ ጓደኛው ሲወድቅ 911 የሚደውል አይገኝም። የሲያትሉን የምደግፍበት አንዱ ምክንያት በር የሚያንኳኳው እሳት አደጋ መሆኑ ነው። ሌላው ደግሞ ሰውየውን የሚወስዱበት ቦታ መኖሩ ነው። በ2025 ኦርካ ሴንተር የሚባል፣ ከኦቨርዶዝ የተነሣ ሰው አርፎ ሕክምና የሚጀምርበት ቦታ እዚያው ፓዮኒር ስኩዌር ተከፍቷል። ማንኳኳት ብቻውን፣ መውሰጃ ከሌለ፣ ከወረቀቱ አይሻልም።

ሠራ አልሠራ የሚለውን በቁጥር ላረጋግጥ ብዬም አላጋንንም። ኪንግ ካውንቲ ውስጥ በ2023 ከ1,300 በላይ ሰው በኦቨርዶዝ ሞቷል። በ2024 ከ1,000 ትንሽ ወደሚበልጥ ወርዷል። ይህ የሄልዝ 99 ሥራ ነው ብዬ አልመካም። በመላ አሜሪካም ከ105,000 ገደማ ወደ 80,000 ገደማ ወርዷልና። ከተማው ግን «ስንት ሰው አነጋገርን» የሚለውን ትቶ «ከወር በኋላ ስንቱ ሕክምና ላይ ነው» የሚለውን በግልጽ ቢያወጣ ደስ ይለኛል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የከተማው በጀት በየበልጉ፣ ማለቴ እዚህ አገር ቅጠል ሲረግፍ፣ ምክር ቤት ይቀርባል። ያኔ አብረን ሄደን ብንጠይቅ አልጠላም።

ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «ይህ የሐበሻ ችግር አይደለም።»

ለቅሶ ቤት ሄደን እናውቃለን። ሟቹ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ «ምን አገኘው?» ሲባል «ድንገት ነው፣ ልቡ ነው» ይባላል። ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። እናትየውም ያንን እየደገመች ታለቅሳለች። እኔ ማንንም አላጋልጥም፤ ገመናን መሸፈን ባህላችን ነው፣ ደግም ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉትም የራሳችን ሰዎች ናቸው። ልጆቻችን የሚማሩት ከዚሁ አገር ልጆች ጋር ነው። ፈንታኒል ያለበት ሐሰተኛው ሰማያዊ ኪኒን እጃቸው ሲገባ የማን ልጅ ናችሁ ብሎ አይጠይቅም። ደግሞስ ሥራችን የት ነው? ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ ሆቴል፣ የማታ ነርሲንግ። የወደቀውን ሰው መጀመሪያ የምናገኘው ብዙ ጊዜ እኛው ነን።

ለሚፈሩም አንድ ነገር ልበል። ዋሽንግተን ስቴት ከ2010 ጀምሮ ለኦቨርዶዝ እርዳታ የጠራን ሰው ዕፅ ይዘህ ተገኝተሃል ብሎ ከመክሰስ የሚከላከል ሕግ አለው፤ የወደቀውንም ይጨምራል። ሌላ ወንጀል ካለ ግን አይሸፍንም። ናርካን ደግሞ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ወረቀት በየፋርማሲው ይሸጣል፤ ሁለት መጠን የያዘው ፓኬት ያኔ ሲጀመር 45 ዶላር ገደማ ነበር።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ የማታ አውቶቡስ ትሳፈሪያለሽ። ቅዳሜ ስመጣ አንድ ፓኬት ይዤልሽ እመጣለሁ። አጠቃቀሙን ቡናው እስኪፈላ አሳይሻለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ስለ ጽሑፉ እንጣላ።